ለደሴ ኢንተርኖች፦ ኩላሊትን ከመነሻው እዩት

አዲስ ኢንተርኖች፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች፣ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ሲመጡ ወደፊት ምን መማር እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ። መልሱን አሁን አሁን ለምጄዋለሁ። ራዲዮሎጂ። ቆዳ። ቀዶ ሕክምና። ማህፀንና ጽንስ። አንዳንዱ ልብ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ፊት ለፊት «መጀመሪያ ከአገር ልውጣ» ይለኛል፤ ኑሮውን ስለማውቅ አልፈርድበትም። ኩላሊት የሚለኝ ግን የለም። «ኩላሊትስ?» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። «ዶክተር፣ እሱማ ይከብዳል» ይላሉ። ትምህርቱ ይከብዳል ማለታቸው ብቻ አይደለም። ሐዘኑ ይከብዳል ማለታቸው ነው።

እኔ ደሴ ላይ የኩላሊት ሐኪም ነኝ። ሙያዬን እወደዋለሁ። ሐዘን እንዳለበትም አውቃለሁ። ነገር ግን ልጆቹ የሚፈሩት ኩላሊትና እኔ በየቀኑ የማክመው ኩላሊት አንድ አይደሉም። እነሱ የሚያውቁት መጨረሻውን ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ተማሪ ኩላሊትን የት እንደሚያገኘው አስቡ። ሌሊት ነው፤ ዲዩቲ ላይ ነው። ታካሚው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ ጣሪያ ነክቶ በዊልቸር ይገባል። አስታማሚዎቹ ከበው ቆመዋል። ተማሪው ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ ይወጋል፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ የሚያቆመውን ፖታሲየም ለማውረድ ይሯሯጣል፣ ሪፈር ይጽፋል። ሲነጋ ያ ሰው የት እንደደረሰ አያውቅም። ከግቢ ሲወጣ ደግሞ ፒያሳ ላይ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና ቆሞ በድምፅ ማጉያ «ለኩላሊት እጥበት፣ ወገን ይድረስልን» ይላል። ቴሌግራም ሲከፍት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያገኛል። ኩላሊት ማለት ለእሱ ይኸው ነው፤ ማሽን፣ ገንዘብና ልመና።

የማህፀን ሕክምናን የእናቶችን ሞት ብቻ እያሳየን ብናስተምር ኖሮ ማን ይገባበት ነበር? ልጆቻችን ግን ያንን ትምህርት ምጥ አዋልደው፣ ሕፃን ታቅፈው፣ እልልታ ሰምተው ነው የሚጀምሩት። ኩላሊትም የራሱ እልልታ አለው። ችግሩ እልልታው በሌሊት ዲዩቲ አይሰማም።

አንዱን ልንገራችሁ። ከባቲ በኩል የመጣ ወጣት ነበር። ቆላ ነው፣ ሙቀት ነው፤ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ቤት ውስጥ ቀናት ቆየ። እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ የደም ግፊቱ ወርዷል፣ ሽንት ቆሟል። ክሬቲኒኑ በየቀኑ ይጨምር ነበር። አስታማሚው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሽንቱን እንዲለካልን አንድ ሊትር ሃይላንድ ሰጠነው። እሱ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረበት። ጠዋት ራውንድ ስንደርስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ከታች ትንሽ፣ ጥቁር ሻይ የመሰለ ነገር። «ዶክተርዬ፣ ዛሬም ያው ነው» ይላል። «አብሽር» እለዋለሁ።

ሥራው ያን ጊዜ ምን ነበር? የጎደለውን ፈሳሽ መመለስ፤ ከበቃው በኋላ ግን አለማጥለቅለቅ። ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ካርዱ ላይ እንዳይጻፍ መጠበቅ። የሌላውን መድኃኒት መጠን ማስተካከል። ፖታሲየሙን መከታተል። ሳንባውን በየቀኑ ማዳመጥ። መመዘን። ይኸው ነው። ውድ ዕቃ አልነበረም፤ ጥንቃቄ ግን ነበር። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ወንድምየው ዋርዱ በር ላይ ጠበቀን። ሃይላንዱ እስከ አንገቱ ሞልቷል፤ ቀለሙም ነጥቷል። ከጎኑ ሌላ የሞላ ጠርሙስ ይዟል። በማግስቱ ጠርሙስ አልበቃ አለውና ጀሪካን ጠየቀ። የተጎዳ ኩላሊት ሲነቃ መጀመሪያ አካባቢ ውሃውን ሳይቆጥብ ይለቀዋል፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ የምንፈራው እንደገና መድረቁን ነው፣ የሚወጣውን ያህል እየተካን እንከተላለን። ልጁ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። እጥበት አላስፈለገውም።

ከዚያ ራውንድ ላይ የነበረች አንዲት ኢንተርን «እኔ ኩላሊት አንዴ ከደከመ አለቀ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚመስላቸው። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በጊዜ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እኛ አካባቢ መንስኤዎቹም የታወቁ ናቸው፦ ተቅማጥ፣ ወባ፣ የደም ኢንፌክሽን፣ የወሊድ መድማት፣ የሽንት መንገድ መዘጋት፣ ያለ ልክ የተወሰደ መድኃኒት። ሊድን የሚችልን ሰው በጊዜ የሚለይ ዓይን ነው የሚጎድለን። ያንን ዓይን የሚያሠለጥን ሐኪም ደሴ ላይ ካለ ከቦሩ ሜዳ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ የሚመጣው ሁሉ ይጠቀማል።

ስለ ዓይን ካነሳሁ ማይክሮስኮፑን ሳልናገር አላልፍም። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ኢንተርኖች ሽንትን የሚያውቁት በወረቀት ነው። «ፕሮቲን ሁለት ፕላስ፣ ቀይ የደም ሴል ብዙ» የሚል ወረቀት ካርድ ውስጥ ይሰፋል፣ ይረሳል። እኔ ግን ወደ ላብራቶሪ ይዣቸው እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ከኩታበር የመጣ ሕፃን ነበር። እናቱ «ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥብኛል፣ ሽንቱ ኮካ ይመስላል» አለች። ከሳምንታት በፊት ጉሮሮውን አሞት ነበር። አሥር ሚሊ ሊትር ሽንቱን ቱቦ ውስጥ ጨምረን ሴንትሪፉጁ ላይ አምስት ደቂቃ አሽከረከርነው። ከላይ ያለውን ደፋን። ከሥር የቀረችውን ጠብታ ስላይድ ላይ አድርገን ከቨር ስሊፕ ጣልንባት። ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ብርሃን ከበዛ ዋናው ነገር አይታይም። ቀስ እያልን ጠርዝ ጠርዙን ፈለግን። ከዚያ አገኘናት፦ ረዘም ያለች፣ ዳርና ዳሯ ቀጥ ያለ፣ ውስጧ በቀይ የደም ሴሎች የታጨቀች ቀይ ቡናማ ሲሊንደር። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስጠጋኋቸው።

ያቺ ነገር ካስት ትባላለች። ኩላሊት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ከሚያመነጩት ፕሮቲን ትሠራለች፤ ቱቦው ውስጥ ስትረጋ የቱቦውን ቅርጽ ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ ውስጧ ያለው ደም ከፊኛ ወይም ከሽንት መንገድ አልመጣም። ከኩላሊቱ ማጣሪያ ነው የመጣው። ሕፃኑን ሳንወጋ፣ ሳንቀድ፣ የትኛው ክፍል እንደተቆጣ አወቅን። ምርመራው ርካሽ ነው። መብራት፣ ሴንትሪፉጅና ማይክሮስኮፕ ካለ ይሠራል። የሚጎድለው የሚያይ ሰው ነው። ሕፃናት ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ያም ልጅ ድኗል። የደም ግፊቱን ተቆጣጥረን፣ ጨውና ውሃውን ገድበን፣ እብጠቱ ሟሸሸ።

ከባቲ የመጣው ወጣት ሽንት ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ካስት ነበር፤ ጭቃ የመሰለ፣ ደቃቅ፣ ቡናማ። ቱቦዎቹ መጎዳታቸውን የሚናገር ነው። ሁለቱንም ሽንት ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ኩላሊት ግራ የሚያጋባ ትምህርት ነው አይልም። የታመመው አካል ራሱ ምን እንደሆነ ጽፎ ይልክልሃል። ማንበብ መማር ብቻ ነው።

«ይከብዳል» ወደሚለው ልመለስ። አዎ፣ ማሰብ ይጠይቃል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራሉ፤ በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። የቀረውን እየመረጡ ወደ ደም ይመልሱታል። ጨውን፣ ውሃን፣ አሲድን፣ የደም ግፊትን፣ የደም ማነስን፣ አጥንትን ሁሉ ይነካሉ። ስለዚህ የኩላሊት ሐኪም አንድ አካል ይዞ ሌላውን ሊተው አይችልም። ጠቅላላ ሕክምና መሥራት ለሚወድ ወጣት ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሶዲየም ለምን ወረደ የሚለውን ጥያቄ ከታካሚው አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ በታሪክ፣ በምርመራና በጥቂት ቁጥሮች መፍታት እኔን እስካሁን ያስደስተኛል። ፖታሲየም ሲጨምር ኢሲጂው ላይ፣ የልብ ምት በሚሳልበት ወረቀት፣ ሾጥጦ የወጣው ሞገድ ልብን የሚጠብቀው ካልሲየም ግሉኮኔት ከተሰጠ ከደቂቃዎች በኋላ ረገብ ሲል ያየ ሰው ደግሞ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ ነገር ብዙ እንደሌለ ያውቃል።

ምርምር ለሚወዱም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2010 አፖኤል1 የሚባለው ጂን ሁለት ዓይነት ለውጦች ታወቁ። ምዕራብ አፍሪካ የዘር ምንጫቸው የሆነ ሰዎች ላይ በብዛት ይገኛሉ። ከእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ይከላከላሉ፤ ከሁለቱም ወላጅ የወረሳቸውን ሰው ግን ለኩላሊት በሽታ ያጋልጣሉ፣ በተለይ ኤችአይቪ ካለበት። የእኛ አገር የኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ ግን ያ ዓይነቱ የኩላሊት ጉዳት አልታየም። ጂኑም ሲፈለግ ለውጦቹ አልተገኙም። ዓለም ስለ አፍሪካ ኩላሊት አንድ ነገር ሲናገር የእኛ ታካሚ ሌላ ታሪክ ነበረው ማለት ነው። ታዲያ እኛ ጋ ያለው የኩላሊት በሽታ ከምን ይመጣል? የወሎ ደጋና የወሎ ቆላ ይለያያሉ? ይህን ከዚህ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው የሥራው ትልቅ ክፍል ተመላላሽ ክሊኒክ ነው። እዚያ ጩኸት የለም። ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ስኳር ያለበት ሰው፣ ሽንቱ አረፋ የሚሠራበት ሰው። ኩላሊት ሲደክም ብዙ ጊዜ አያምም፤ አብዛኛው ሥራው ከጠፋ በኋላ ነው ምልክት የሚያሳየው። ጎኑን የቆጠቆጠው ሰው ግን «ኩላሊቴን ነው» ብሎ ፋርማሲ ይሄድና ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛል። ኮምቦልቻ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ፣ ማታ ወገባቸውን የሚያማቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ኩላሊታቸው ጤነኛ ነበር፤ ያመማቸው ጡንቻ ነው። ኪኒኑን ለወራት ሲውጡት፣ በተለይ ደም ግፊትና ስኳር ካለባቸው፣ በእርግጥም የኩላሊት ታካሚ ሆነው ይመጣሉ። ይህን አስረድቶ ኪኒን ማስቆም ሕክምና ነው። ማንም አያጨበጭብለትም፤ ግን አንድን ሰው ከእጥበት ማዳን ከዚህ ይጀምራል።

መድኃኒቱም ድሮ እንደነበረው አይደለም። እኔ ተማሪ እያለሁ ኢናላፕሪል የተባለው የግፊት ኪኒንና ደም ግፊት መቆጣጠር ነበር ዋናው ነገር፤ አሁንም ዋጋው አልቀነሰም፣ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ መድኃኒት ነው። ከዚያ በኋላ ለስኳር ተብሎ የመጣው የእነ ዳፓግሊፍሎዚን ቤተሰብ ስኳር የሌለበትንም ኩላሊት እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2020 በትልቅ ጥናት ታየ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በኩላሊት ጤና ላይ ራሱን የቻለ ውሳኔ አሳለፈ። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወጣት በጥሩ ጊዜ ነው የሚገባው።

አሁን ደግሞ ወሎ ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ ሥራ ልናገር። እጥበት ላይ ያለ፣ ሽንቱ የቆመ ሰው የሚጠጣው ውሃ ይለካል። መጽሐፉ የሚሸናው ላይ ግማሽ ሊትር ጨምር ይላል። መጽሐፉ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጎረቤት ቡና ጠርቶኝ በረካውን ጥዬ ልነሳ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ጎረቤት ከሌለ እሳቸውም የሉም፤ የእጥበቱን ገንዘብ ያዋጣላቸው ያው ጎረቤት ነው። ቁጭ ብለን ተስማማን። ሲኒው በግማሽ ይቀዳል፤ ሦስቱም ይጠጣል፤ ከቀኑ ውሃ ላይ ይቀነሳል። ለጎረቤቶቻቸውም ራሳቸው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ ክብደታቸው ከእጥበት እጥበት እንደ ድሮው አልጨመረም።

ረመዳን ሲመጣ ጥያቄው ይበዛል። ልጹም ወይ? ቴምር ልብላ ወይ? ቴምር ፖታሲየም አለው፤ ማፍጠሪያ ላይ ደርዘኑን የበላ የእጥበት ታካሚ አደጋ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ባቄላው፣ ምስሩ፣ ቲማቲሙ አለ። እኛ አገር አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ጾም ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ «አትጹም» ብሎ ካርድ ላይ ጽፎ ቢያልፍ ሰውየው ይጾማል፣ ለሐኪሙም አይነግረውም። ሼኹ ወይም የንስሐ አባቱ በሽተኛ እንደሚፈቀድለት ሲነግሩት ግን ልቡ ያርፋል። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚችል፣ ቋንቋውንም ወጉንም የሚያውቅ ሐኪም ማን ነው? እዚህ ያደገ ልጅ ነው። ይህን ሥራ ሌላ ቦታ የተማረ ፕሮቶኮል አይሠራውም።

ስለ ማሽኑም ዝም ማለት አልችልም። አንድ የእጥበት ክፍለ ጊዜ አራት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሦስቴ ቢሆን ይመረጣል። በአራት ሰዓት ውስጥ ማሽኑ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ 120 ሊትር አካባቢ ነው። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን። ያውም ተጣርቶ የነጻ ውሃ። ደሴ ላይ ውሃ በወረፋ የቀዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የኩላሊት ሐኪም ስለዚህ የውሃ ሰው ነው፣ የመብራት ሰው ነው፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሰው ነው። ከእጥበት ነርሶችና ከባዮሜዲካል ባለሙያዎች ጋር ካልተዋደደ ሥራው አይሄድም። እነዚህ ነርሶች የታካሚውን ደም ሥር በጣታቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የሚገባቸውን ምስጋና አግኝተው አያውቁም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከተማችን ሆስፒታል ሲዘረፍ ዕቃ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠፋ አየን። ከዚያ በኋላ ተስፋ የቆረጡ ተማሪዎች «ያለ ማሽን የኩላሊት ሐኪም ምን ያደርጋል?» ይሉኝ ነበር። የዊለም ኮልፍን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሆላንድ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። ኮልፍ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ወጣት ሐኪም ነው። ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ሴሎፋን አገኘና ከእንጨት በተሠራ ከበሮ ላይ ጠመጠመው፤ ደም በዚያ ውስጥ እያለፈ እንዲታጠብ አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አብዛኞቹ ሞቱበት። አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሰመመን ነቃች፣ ዳነችም። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው የእጥበት ማሽን ከዚያ የመጣ ነው። ሙያው የተወለደው ምቹ ቦታ ላይ አልነበረም።

ሐዘኑስ? አለ፤ አልሸሽገውም። ገንዘብ አልቆባቸው እጥበት ያቋረጡ ሰዎችን አውቃለሁ። ልጃቸውን ለማሳከም በሬ የሸጡ፣ መሬት ያከራዩ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይተው የተሰደዱ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሳምንት ሦስቴ ተመላልሶ አይታከሙበትም። ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ እውነቱን መነጋገር፣ ምን እንደሚቻልና ምን እንደማይቻል መናገር፣ እጥበት ያልቻለውን ሰው ሕመሙንና ትንፋሹን እያቀለሉ እስከ መጨረሻው አለመተው፣ ይህ ሁሉ የሐኪም ሥራ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ ሸክም ብቻ አላገኘሁም። ሰዎች የሚያምኑህ እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። አንድን ታካሚና ቤተሰቡን ለዓመታት የሚከተል ሙያ ብዙ የለም። ልጆቻቸው ሲዳሩ ትጠራለህ።

ደግሞ በር ተከፍቷል። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ተጀመረ። የሚችጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አብረው ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ ማለት ሕንድ ወይም ሌላ አገር መሄድ ነበር። ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ እናት ለልጇ። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ግን አዲስ አበባ አይቀርም፤ አገሩ ይመለሳል። መድኃኒቱን የሚያስተካክልለት፣ ትኩሳት ሲይዘው የሚደርስለት ሐኪም ደሴ ላይ መኖር አለበት። ለጋሹም ክትትል ያስፈልገዋል። እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። ራዲዮሎጂስት የተሻለ ያገኛል። ይህን ለማስተባበል አልሞክርም፤ የሐኪም ደሞዝ ጉዳይም በእኔ ጽሑፍ አይፈታም። ግን ከሁሉም በላይ ብቸኝነቱ ነው የሚጎዳው። አንድ የኩላሊት ሐኪም ብቻውን ሲሆን ስልኩ ሌሊትም አይዘጋም፣ ፈቃድም አይወጣም፣ አርፎ አያነብም። አንድ ሰው ልኮ «አሁን አለን» ማለት ያንን ሰው ማቃጠል ነው። ስለዚህ አስተማሪዎችንም አስተዳዳሪዎችንም የምለምነው ሁለት ሁለት እንድትልኩ ነው። ከሕፃናት ሐኪሞችም አንድ ቢታሰብ የበለጠ ደስ ይለኛል።

መንገዱ ረጅም ቢሆንም ግልጽ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆናችሁ ትሠራላችሁ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ውስጥ ደዌ ወይም ሕፃናት ሬዚደንሲ ትገባላችሁ፣ ከዚያ በኩላሊት ብቻ የሚሠለጠንበት ፌሎሺፕ። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ያስተምራሉ። ዓለም አቀፉ የኔፍሮሎጂ (የኩላሊት ሕክምና) ማኅበር ደግሞ እንደ እኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ሐኪሞች የፌሎሺፕ ድጋፍ አለው፤ ያን ዕድል ብዙ ልጆች አያውቁትም። ሬዚደንሲ ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ ከሌሊት ዲዩቲ ውጭ ኩላሊትን ቀን ላይ እዩት። ተመላላሽ ክሊኒክ ተቀመጡ። አንድ ታካሚ ምረጡና ወራት ሙሉ ተከተሉት፣ ሽንቱንም ራሳችሁ እዩ። አብሯችሁ የሚማርከው አንድ ጓደኛ ካለ አብራችሁ አስቡት።

ሆስፒታል ስፖንሰር አድርጎ ሊልካችሁ ሲል ደግሞ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አስጽፉ። ስትመለሱ በኩላሊት ክፍል ነው የምትሠሩት ወይስ በጠቅላላ ዋርድ? ሁለተኛ ሰው መቼ ይላካል? ለእጥበት ክፍሉ የውሃ ማጣሪያና የጄነሬተር በጀት በማን ስር ነው? ለነርሶቹስ ሥልጠና አለ? በቃል «አይዟችሁ፣ ይደረጋል» ከተባላችሁ በትሕትና «በጽሑፍ ይሁንልን» በሉ። ረቂቁን ለእኔም ብታሳዩኝ አብረን እናነበዋለን፤ ክሊኒክ ባለኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው።